የዱዋሚሽ ጭቃ እና የጋሽ ዘርጋው ጥያቄ

የእኛ ሰው መቆፈር አይወድም። መሬት መቆፈሩን ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ስንቆፍር ነው የኖርነው። ነገር መቆፈሩን ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላችኋል። ወዲያው ዞር ብሎ ደግሞ «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይላል። ታዲያ የቱን እንስማ? እኔ እንደደረስኩበት ከሆነ ምሳሌያዊ አነጋገራችን እንደ ጠበቃ ነው፤ ለከሳሽም ለተከሳሽም ይቆማል። ሰው ሲሞት እንኳ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ «ምን አግኝቶት ነው?» ብትሉ የምታገኙት መልስ «ትንሽ አሞት ነበር» የሚል ነው። ትንሽ አሞት፣ ሙሉ በሙሉ ሞተ። ከዚያ በላይ የጠየቀ ሰው ነውረኛ ነው።

የእኔ ሥራ ደግሞ ከዚያ በላይ መጠየቅ ሆነና አረፈው። ሆሳዕና ኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። ሲያትል ስመጣ አስተማሪነቴን ሻንጣ ውስጥ ቆልፌበት፣ ሲታክ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ካለ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ቆየሁ፤ ከዚያ ኮሌጅ ገባሁ፤ ከዚያ አንድ የአካባቢ ጥናት ኩባንያ ቴክኒሻን አድርጎ ቀጠረኝ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ማለቂያ ገደማ ነው። ሥራዬ ከወንዝ ሥር ጭቃ ማውጣትና ጭቃው ለምን መርዝ እንደሆነ መመርመር ነበር። ልጄን ትምህርት ቤት «እናትሽ ሥራዋ ምንድን ነው?» ብለዋት «ሺ ፕሌይስ ዊዝ መድ» ብላ መለሰች። በጭቃ ትጫወታለች! ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት።

ወንዙ ዱዋሚሽ ይባላል። ከሲያትል በስተ ደቡብ ካለችው ከቱክዊላ መጋዘኖች ጀርባ ያልፍና በፋብሪካና በመርከብ ማራገፊያ መሀል እየተጎተተ ባሕር ይገባል። ይገባል ስላችሁ አንዴ ሄዶ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ወንዙን ሽቅብ እየገፋ ይመጣል፤ ሁለቴ ይመለሳል። ስለዚህ እታች ያለው ሰውዬ የጣለው ቆሻሻ እላይ ካለው ጎረቤቱ ደጅ ይገኛል፣ የላይኛውም ከታችኛው ደጅ። የሁለቱንም ደጅ ጭቃ አውጥታችሁ «ይሄ የማን ነው?» ብትሉ ሁለቱም ወደ ጎረቤታቸው ይጠቁማሉ። ወንዙ ደግሞ ምስክር ሆኖ አይቆምም፤ ይሄዳል፣ ይመጣል።

ጋሽ ዘርጋውን ያገኘኋቸው ጀልባ ላይ ሆኜ ነው። ብርቱካናማ ቱታ ለብሼ፣ የራስ ቁር ደፍቼ፣ እስከ ክርኔ በጭቃ ተለውሼ ጭቃ የሚዘግነውን የብረት መንጋጋ ከወንዙ ሥር ስንጎትት፣ ከዳር አንድ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ! ያገር ልጅ ነሽ?»

ዞር ስል ድልድዩ ሥር፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ የተቀመጡ፣ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌ የዓሣ ማጥመጃ መቃ ይዘው ያዩኛል።

«አዎ አባባ! በምን አወቁኝ?»

«ጭቃ መች ሰው ይሸፍናል! ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ምንም አልጠፋብኝ። ጭቃ ነው የምፈልገው።»

«ጭቃ?» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «አሜሪካ ድረስ መጥተሽ?»

ጀልባው ላይ የነበሩት ፈረንጆች ለምን እንደሳቅሁ ጠየቁኝ። አልተረጎምኩላቸውም። አንዳንድ ቀልድ ባሕር አይሻገርም።

በማግሥቱ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወደ ተቀመጡበት ሄድኩ። ቡታጅራ ተወልደው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደጉ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ አሜሪካ መጥተው የአየር ማረፊያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠሩ ቆይተው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ከምሕረት ጋር ቱክዊላ አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ባልዲያቸው ውስጥ ከወንዙ ሥር ጭቃ ለጭቃ የሚኖሩ ጠፍጣፋ ዓሦች ነበሩ።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳቸው።

«ለሰፈሩ ነዋ። አየሽ፣ ሥጋ ቢሆን አንዱ የክርስቲያን ነው ይላል፣ አንዱ የእስላም ነው ይላል። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም። ከላይ ፎቅ ለእነ ሐጂ እሰጣለሁ፣ ከታች ለእነ ወለተ ማርያም እሰጣለሁ፤ ሁሉም መርቆኝ ይበላል። ትልቁን ደግሞ ለምሕረት መረቅ አወጣላታለሁ። እርጉዝ ናት፤ ከዓሣ በቀር ምንም አይረጋላትም።»

ወገኖቼ፣ እኔ ያን ጭቃ በሁለት ድርብ ጓንት ነው የምነካው።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ይሄ ዓሣ አይበላም» አልኳቸው። «ሳልመን ከሆነ አላፊ ነው፣ ከባሕር መጥቶ ያልፋል። ይሄኛው ግን ኑሮው ጭቃው ውስጥ ነው። ጭቃው ደግሞ መርዝ አለበት።»

«ምን የሚባል መርዝ?»

«እሱን ገና እያጠናን ነው።»

«ማን የጨመረው?»

«እሱንም ገና…»

መቃቸውን ወደ ውሃው መልሰው ወረወሩ። «ስሚ ልጄ፣ ሐኪም ‹አሞሃል› ብሎ በሽታውን ካልነገረኝ መድኃኒቱን አልውጥም። ስሙን የማይነግሩኝን ነገር አልፈራም። ስሙን ስታውቂ ኮል አድርጊልኝ፤ ያን ቀን አቆማለሁ።»

ተናደድኩባቸው። ቤት ስገባ ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ሽማግሌው የጠየቁኝ እኮ እኔ ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩትን ነው፤ ስሙንና ምንጩን።

አሁን ሥራውን ላስረዳችሁ፤ አትሽሹ፣ ቀላል ነው። ጭቃውን ጠርሙስ ውስጥ እናደርግና የሽሪምፕ የአክስት ልጅ የሚመስሉ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ነፍሳት ሃያ ሃያውን በየጠርሙሱ እንጨምራለን። በአሥረኛው ቀን ጭቃውን አጥልለን በሕይወት ያሉትን እንቆጥራለን። ከአንድ አሮጌ የብረታ ብረት ግቢ ጀርባ፣ ወንዙ ወደ ዳር ገባ ብሎ ከሚተኛባት ጥግ የመጣው ጭቃ ነፍሳቱን ፈጃቸው። እንግዲህ መርማሪ ፖሊስ መሆን ነው። ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ ታስራላችሁ። በአንዱ ጠርሙስ አሞኒያን የሚይዝ ነገር ትጨምራላችሁ፤ በሁለተኛው ከባድ ብረቶችን የሚያስር፤ በሦስተኛው ቅባታማ ኬሚካሎችን የሚመጥ የኮኮናት ከሰል። የትኛው ጠርሙስ ውስጥ ያሉት ከዳኑ፣ ገዳዩ እዚያ የታሰረው ነው። ይኸው ነው ሳይንሱ። ከሰል ያልኳችሁን አስምሩበት።

በአሥረኛው ቀን አጠለልኩ። አሞኒያው የታሰረበት፣ ከጥቂቱ በቀር ሞተዋል። ብረቱ የታሰረበት፣ እንደዚያው ሞተዋል። ከሰሉ የገባበት ጠርሙስ ውስጥ ግን ነፍሳቱ እንደ ሰርገኛ ይራወጣሉ። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ኃላፊዬ ዳግ ይባላል። መጥፎ ሰው አይደለም፤ አርብ አርብ ዶናት ይዞ ይመጣል፣ የልጄን ስም አስተካክሎ ይጠራል። ግን ኩባንያችንን የቀጠረው የዚያ የብረታ ብረት ግቢ ባለቤት ነበር። ዳግ ውጤቴን አየና ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

«ይሄ አሞኒያ ይመስለኛል» አለ።

አሞኒያ ማለት ቅጠልና ሬሳ ሲበሰብስ በራሱ ጊዜ የሚፈጠር ነገር ነው። ጥፋተኛው አሞኒያ ከሆነ ጥፋተኛው ተፈጥሮ ነው። ተፈጥሮ ደግሞ ተከሶ አያውቅም።

«አሞኒያው ሲታሰርም ሞተዋል እኮ» አልኩት።

«ሶ… የከሰሉን ጠርሙሶች እንደ ስህተት ብናያቸውስ? ከሌሎቹ ይለያሉ።»

«መለየታቸው እኮ ነው መልሱ!»

«ቀለል አድርጊው» አለኝ። ይህችን ቃል ስሰማ ሆሳዕና የነበረ አንድ ርዕሰ መምህር ትዝ ይለኛል፤ የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ሲወድቅብኝ እሱም «ቀለል አድርጊው» ብሎኝ ነበር። ልጁ በድጋሚ ተፈትኖ አለፈ፤ እኔ አላቀለልኩም። እንግዲህ ክብደቴ የቆየ ነው።

«እንድገመው» አልኩት ዳግን። «አንተ ራስህ ጠርሙሶቹን አዘጋጅ፤ የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ አትንገረኝ። በአሥረኛው ቀን አብረን እንቆጥር።»

ተስማማ። የተስማማው ሁለተኛው ሙከራ ከጣጣው ይገላግለኛል ብሎ መሰለኝ። በአሥረኛው ቀን ቆጠርን። እንደገና ቆጠረ። ዶናቱን የዚያን ቀን አልነካውም። ያው ነው፤ ከሰሉ ያለበት ብቻ ነበር የኖረው።

ሪፖርቱ ሲረቀቅ ግን «የመርዛማነቱ ምክንያት በእርግጠኝነት አልተለየም፤ አሞኒያ ሊሆን ይችላል» የሚል ወጣ። የከሰሉ ቁጥር የለም። የፈረምኩበትን የቆጠራ ቅጽ ይዤ ዳግ ቢሮ ገባሁ። 

«ይሄ ቁጥር እኔ የፈረምኩበት ነው» አልኩት። «ቁጥሩ ከወጣ ፊርማዬም ይወጣል። ለምን እንደወጣ የጠየቀኝ ሰው ካለ እነግረዋለሁ።»

ቅጹን ተቀበለኝ። ከዚያ ተነፈሰ። «ኦኬ። አባሪው ውስጥ አስገቢው። አባሪ ማን ያነባል?»

እውነቱን ነው። አባሪ ማን ያነባል? አባሪ ማለት እውነት ሳትዋሽ የምትቀበርበት ቦታ ነው።

ሪፖርቱ ሕዝብ አንብቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ጋሽ ዘርጋውን ኮል አድርጌ የጠርሙሶቹን ምርመራ አስረዳኋቸው፤ ልብሳቸውን ለውጠው፣ ባርኔጣቸውን በብሩሽ ጠርገው መጡ። እንግሊዝኛ አያነቡም። እኔም ወፍራሙን ሪፖርት ገልብጬ ከጀርባው ያለውን ሠንጠረዥ ፊታቸው ዘረጋሁት። ቁጥር ደግሞ የማንም ቋንቋ አይደለም።

ጣታቸውን በየረድፉ እየጎተቱ ጠየቁኝ። «ይሄኛው?»

«ምንም ያልተጨመረበት ጭቃ።»

«ሦስት ቀሩ። ይሄስ?»

«አሞኒያው የታሰረበት።»

«አራት። ይሄ ብረቱ መሆን አለበት። ሦስት። ይሄስ?»

«ከሰል የገባበት።»

«አሥራ ስምንት!» አሉ፤ አንድ አንባቢ ቀና ብሎ ገላመጠን። «ከሃያ አሥራ ስምንት! እና መጽሐፉ ከፊት ለፊት ምን ብሏል?»

«ምክንያቱ አልተለየም ብሏል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አስተማሪ ነበርሽ አይደል? ተማሪሽ ይህን ሁሉ ሠርቶ መጨረሻ ላይ ‹አልታወቀም› ብሎ ቢጽፍ ስንት ትሰጪዋለሽ?»

«ዜሮ።»

«ከሰሉ የያዘው ምንድን ነው?»

ስሙን ነገርኳቸው። ከአሮጌ ማሽን፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ከተቃጠለ ዘይት የሚወጣ ቅባታማ ነገር፤ በውሃ የማይሟሟ፣ ጭቃ ላይ የሚለጠፍ፣ ከጭቃው ወደ ትል፣ ከትሉ ወደ ዓሣው ጮማ የሚገባ። ዓሣውን ከበላው ሰው ጮማ ውስጥም ይቀመጣል። ከእናትም ወደ ልጅ ያልፋል። የመጨረሻውን ስናገር ድምፄ አነሰ።

ጋሽ ዘርጋው ሠንጠረዡን ሳይሆን እጃቸውን ያዩ ጀመር። «ሦስት ወር ሙሉ» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ወር ሙሉ በእጄ አጠጣኋት። እምቢ ስትል እየለመንኩ።»

ምን ይባላል? ለሐኪሟ ትንገር አልኩ፤ ዛሬ ማቆሙ ነው ዋናው አልኩ፤ ብዙ የኬሚስትሪ ነገር አልኩ። እሳቸው አልሰሙኝም። ሲነሱ ግን ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ነበር። «ስብሰባው መቼ ነው?» አሉኝ።

ስብሰባው በወንዙ አጠገብ ባለ ሰፈር አዳራሽ ነበር። ለስፓኒሽ አስተርጓሚ አለ፣ ለቬትናምኛ አለ፣ ለክመርኛ አለ። ለአማርኛ የለም፤ የጠየቀ ስላልነበረ። ዳግ ሥዕሎቹን እያሳየ፣ በዚያ በሚያረጋጋ ድምፁ «በእርግጠኝነት አልተለየም» የምትለዋን ሐረግ እንደ ዶናት ለሁሉም አከፋፈለ። ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» አለ። ጋሽ ዘርጋው ተነሱ።

«አማርኛ ነው የምናገረው» አሉ።

አዳራሹ ተያየ። ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጣችው የመንግሥት ሠራተኛ «አማርኛ የሚችል አለ?» ብላ ጠየቀች። ዳግ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ «አትችይም» ይላል። እኔ ደግሞ ብዙ ነገር ላልችል እችላለሁ፤ አማርኛ ግን እችላለሁ። ተነሳሁ።

ጋሽ ዘርጋው መጀመሪያ ያሉት ይህን ነው፦ «ይህች ልጅ አስተርጓሚ ናት። የምትሰሙት የእኔ ቃል ነው። ካጠፋሁ እኔን ጠይቁ።» ይህንንም ተረጎምኩት፤ ዳግ ራሱን ነቀነቀ።

ስለ ትርጉም ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደህና አስተርጓሚ «እሳቸው እንዲህ ይላሉ» አይልም። «እኔ» ነው የሚለው። ስለዚህ ኃላፊዬ ፊት፣ የብረታ ብረት ግቢው ባለቤት ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ በጠራ እንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦

«እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። መጽሐፋችሁን ከጀርባው አየሁት። አሞኒያውን ስታስሩ ሞቱ። ብረቱን ስታስሩ ሞቱ። ከሰል ስትጨምሩ ኖሩ። ልጅ እንኳ ይገባዋል። ከሰሉ የያዘውን ነገር ታውቁታላችሁ። ከየት እንደመጣ ፈልጋችኋል ወይ? ልጄ እርጉዝ ናት። ሦስት ወር የዚህን ወንዝ ዓሣ አብልቻታለሁ። ‹አልታወቀም› የምትሉትን ቤቴ መጥታችሁ፣ ፊቷ ቆማችሁ በሉልኝ።»

«ልጄ» ስል ድምፄ ተሰበረ። የማን ድምፅ እንደተሰበረ ዛሬም አላውቅም።

የመንግሥት ሠራተኛዋ ሪፖርቱን ወደ ኋላ ትገለብጥ ጀመር። «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አለች። ጋሽ ዘርጋው መተርጎሜን አልጠበቁም። «ፎርቲ ዋን!» ብለው አንባረቁ። አዳራሹ ሳቀ፤ ገጾች ተገለበጡ፤ ከዚያ ሳቁ ሞተ። ሴትዮዋ አንብባ ስትጨርስ ዳግን ቀና ብላ አየችውና፣ «ይሄ ለምን ከፊት አልተጻፈም?» አለች። ዳግ፣ ይህን ለእሱ ልመስክርለት፣ «መጻፍ ነበረበት» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ነው፤ አሳጥራለሁ። ሪፖርቱ ተመለሰና የከሰሉ ውጤት ፊት ገጽ ወጣ። ምንጩ ይፈለግ ተባለ። ጭቃውን ከጥጓ ጀምረን እግር በእግር ሽቅብ ስንከተል፣ ግቢው ሥር በማንም ካርታ ላይ የሌለ አሮጌ የውሃ መውረጃ ቱቦ አገኘን፤ ግማሹ በጥቁር ቅባታማ አተላ የተሞላ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወደ ወንዙ የሚተፋ። ተመጠጠ፣ ተደፈነ። የግቢው ባለቤት ቱቦው ከእኔ በፊት የነበረ ነው ብሎ ጠበቃ አቆመ። ጥጓን ራሷን ለማጽዳት ደግሞ ስንት ዓመት እንደፈጀ አትጠይቁኝ፤ ያደፈረሰ ሁሉ ቶሎ አያጠራም። እኔ አልተባረርኩም። ግን ለሁለት ወቅት ያህል ከጀልባ ወርጄ ጠርሙስ አጣቢ ሆንኩ። አጠብኩ። እኔ እንዳጠብኩት አድርጎ ጠርሙስ ያጠበ እስከ ዛሬ የለም፤ ቢያዩኝ ብዬ እየዘፈንኩ ነበር የማጥበው።

ምሕረት ሴት ልጅ ወለደች። ደህና ናት፤ ትጮሃለች፣ ትጠባለች። ወንዙ በእሷ ውስጥ ምን ጥሎ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። «ምንም አልጣለም» ብዬ ብነግራችሁ እኔም ዜሮ ይገባኛል። ጋሽ ዘርጋው ጠፍጣፋውን ዓሣ ትተው ሳልመን ብቻ ማጥመድ ጀመሩ። ለሐጂም ለእነ ወለተ ማርያምም ቤት ለቤት ዞረው፣ እስከ ዛሬ የሰጠሁት ዓሣ መርዝ ነበረበት ብለው ራሳቸው ተናገሩ። ከስብሰባው ይልቅ ይሄኛው ወኔ ይጠይቅ ነበር።

በሚቀጥለው በጋ ድልድዩ ሥር አዲስ ማስጠንቀቂያ ተተከለ። አማርኛም ነበረበት። ጋሽ ዘርጋው ኮል አድርገው «ነይ እይው» አሉኝ። ሄጄ አነበብኩ። የተረጎመውን ሰው ማንም አያውቀውም፤ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ዓሣው መብላት የለበትም።»

አንባቢዬ፣ «ዓሣው መበላት የለበትም» ለማለት ነው። አንዲት ፊደል ናት። በአንዲት ፊደል ሰውን ትተው ዓሣውን ከለከሉት። እኔ ራሴን ስይዝ ጋሽ ዘርጋው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ባርኔጣቸው ወደቀ።

«ምን ያስቆጣሻል?» አሉኝ። «ከሁሉ እውነት የተናገረ ይሄ ሰሌዳ ነው! ዓሣው ያን ጭቃ ባይበላ እኛን ምን ያገኘን ነበር? ዋናው ክልከላ እኮ ይሄ ነው፤ ግን ለዓሣው ሳይሆን መርዙን ላቀረበለት ጋባዥ ነበር መንገር።»

መሥሪያ ቤቱ እንዳስተካክለው ጠየቀኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰው እንዳይሳሳት መታረም አለበት፤ እሱ ግልጽ ነው። ግን ያቺን የተሳሳተች እውነት ማጥፋት ልቤ እምቢ አለ። እናም እሷን ሳልነካ ከሥሯ አንድ መስመር ጨምሬ መለስኩላቸው። አማርኛውን የሚያነብ ስላልነበራቸው እንደላክሁት አተሙት። ዛሬ ድልድዩ ሥር ብትሄዱ እንዲህ ብሎ ቆሞ ታገኙታላችሁ፦

«ዓሣው መብላት የለበትም። እኛም ዓሣውን።»